ኮስሞቶሎጂ መማር ያዋጣል? ወጪና ገቢን በተመለከተ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ የኮስሞቶሎጂ፣ ማለትም የፀጉርና የውበት ሥራ፣ ትምህርት ቤት ለመግባት ያሰባችሁ የላካችኋቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች አሉ። ክፍያው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ ስሌቶቹን እንደ ምሳሌ ያዟቸውና የራሳችሁን ቁጥር አስገቡባቸው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ መጋዘን ውስጥ በሰዓት 16 ዶላር እሠራለሁ። ትምህርት ቤቱ 12,000 ዶላር ብሎኛል። ያዋጣኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ 12,000ው የወጪሽ ግማሽ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ለኮስሞቶሎጂ 1,000 ሰዓት ትጠይቃለች። በሳምንት 30 ሰዓት ብትማሪ 34 ሳምንት ይወስዳል። ለመማር ብለሽ ከሥራሽ በሳምንት 20 ሰዓት ብትቀንሺ የሚቀርብሽ ደመወዝ 10,880 ዶላር ነው። ለመቀሱ፣ ለመተኮሻውና ለመለማመጃው የአሻንጉሊት ጭንቅላት 1,500፣ ለፈተናና ለላይሰንስ 300 እንያዝ፤ ድምሩ 24,680 ይሆናል። ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ሙሉውን 7,395 ዶላር ብታገኚ እንኳ 17,285 ከኪስሽ ይወጣል።

አሁን ገቢውን እንይ። በመንግሥት የሥራ መረጃ የፀጉር ሠራተኞች መካከለኛ ክፍያ በሰዓት 17 ዶላር ገደማ ነው። አንቺ 16 ስለምታገኚ ልዩነቱ አንድ ዶላር፣ በዓመት 2,000 ዶላር ነው። በዚህ ሒሳብ ያወጣሽውን ለመመለስ ከ8 ዓመት በላይ ይፈጃል። ደንበኛ ይዘሽ በሰዓት 24 ብትደርሺ ግን ልዩነቱ በዓመት 16,000 ስለሚሆን በአንድ ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ትመልሺዋለሽ። ያ የ17 ዶላር ቁጥር በራሳቸው የሚሠሩትን አይጨምርም፣ ስለዚህ ጣሪያ አድርገሽ አትውሰጂው። ለመጀመሪያው ዓመት ግን ከዚያ በላይ አትቁጠሪ፤ ወንበሩ ባዶ የሚውልባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ የምሠራው ሹሩባ ብቻ ነው። የግድ መማር አለብኝ?

መልስ፦ ቨርጂኒያ ከ2012 ጀምሮ ለሹሩባ ላይሰንስ አትጠይቅም፤ ሜሪላንድም አትጠይቅም። ዲሲ ግን የራሱ የሹሩባ ፈቃድ አለው፤ እዚያ ከመጀመርሽ በፊት አጣሪ። ሪላክሰር፣ ቀለም ወይም ፀጉር መቁረጥ ከጨመርሽ ሹሩባ መሆኑ ያበቃል፣ ላይሰንስ ያስፈልግሻል። ለሹሩባ ብቻ ብሎ 12,000 ዶላር መክፈል ያሳዝነኛል። ጥፍር ብቻ ለመሥራት ለምታስቡም ቨርጂኒያ 150 ሰዓት ነው የምትጠይቀው፤ ሙሉ ኮስሞቶሎጂ ውስጥ አትግቡ።

ጥያቄ፦ ፔል ግራንት ለእኛም ይሰጣል?

መልስ፦ ዜግነት፣ ግሪን ካርድ፣ የስደተኛ ወይም የጥገኝነት ፈቃድ ያለው ማመልከት ይችላል፤ መጠኑ በገቢ ይወሰናል። ትምህርት ቤቱ የፌዴራል እርዳታ የሚቀበል መሆን አለበት። ቅጹ ፋፍሳ ይባላል፣ መሙላቱ ነፃ ነው፤ ገንዘብ ተቀብሎ እሞላልሻለሁ ለሚል አትክፈይ።

ጥያቄ፦ ውሉን ከመፈረሜ በፊት ምን ልይ?

መልስ፦ ሦስት ቦታ ላይ ቆም ብለሽ አንብቢ። የመጀመሪያው የማብቂያ ቀኑ ነው። ልጅ ታሞ፣ ፈረቃ ተቀይሮ ከቀሪሽ የጎደለውን ሰዓት ከዚያ ቀን በኋላ ስታሟዪ ብዙ ትምህርት ቤቶች በየሰዓቱ ያስከፍላሉ። በሰዓት 15 ዶላር ቢሆን የ80 ሰዓት ጉድለት 1,200 ዶላር ነው። ቀጥሎ የማቋረጥ ደንቡን እይ። ከክፍያ ዘመኑ፣ ማለትም እርዳታው ከተሰጠበት የትምህርት ጊዜ፣ 60 በመቶ ሳይሞላ ካቆምሽ ትምህርት ቤቱ የፌዴራሉን እርዳታ ከፊል ይመልሳል፣ የጎደለውን ደግሞ ካንቺ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ሳይመረቅ ባለ ዕዳ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ዕዳ ቢኖርብሽ የተማርሽበትን ሰዓት ማስረጃ ይሰጡሽ እንደሆነ ጠይቂ። የቃል ተስፋ አይበቃም፣ በጽሑፍ ይሁን።

ከዚያ ኮሌጅ ስኮርካርድ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ የትምህርት ቤቱን ስም ፈልጊ፤ የተመራቂዎቹን ገቢና ዕዳ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ስንማር ደንበኛ እንሠራለን ይባላል፣ ይከፈለናል?

መልስ፦ ደንበኛው ለትምህርት ቤቱ ይከፍላል፣ ለተማሪ ደመወዝ የለም። ሜሪላንድ 1,500 ሰዓት ስለምትጠይቅ ይህ ጊዜ እዚያ ይረዝማል፤ በአንጻሩ ሳሎን ውስጥ እየሠሩ 24 ወር የመለማመድ መንገድም አላት። ደመወዝ ማቋረጥ ለማይችል ሰው ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ላይሰንስ አለኝ። ሳሎን ውስጥ በኮሚሽን ልሥራ ወይስ ወንበር ተከራይቼ ለራሴ ልሥራ?

መልስ፦ ሳምንታዊ ሥራሽን አስይ። ኮሚሽኑ 45 በመቶ፣ የወንበር ኪራዩ በሳምንት 250፣ ዕቃሽ ከሥራሽ 10 በመቶ፣ ኢንሹራንስና ሌላው 20፣ ቲፑ 15 በመቶ ይሁን። በሳምንት የ1,200 ዶላር ሥራ ካለሽ በኮሚሽን ከቲፑ ጋር 720 ይደርስሻል፤ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ተቀንሶ 665 ይቀራል። ወንበር ተከራይተሽ ግን 990 ይተርፋል፤ የራስ ሥራ ግብሩን፣ ያ 15.3 በመቶ የሚባለውን፣ ከከፈልሽ በኋላ 850 ገደማ ነው። ሥራሽ ወደ 600 ዶላር ቢወርድ ነገሩ ይገለበጣል፦ በኮሚሽን 332፣ በኪራይ 309። ሁለቱ የሚገናኙት 670 ዶላር አካባቢ ነው። የገቢ ግብር ከሁለቱም ላይ ገና ይቀነሳል።

ስለዚህ ለሁለት ወር ያህል በተከታታይ ከ800 በላይ እስክትሠሪ ኪራይ አትግቢ። ባዶ ሳምንትም ኪራይ ይከፈላል።

ጥያቄ፦ የሳሎኑ ባለቤት ሰዓቴንም ዋጋዬንም ትወስናለች፣ ግን ቴን ናይንቲ ናይን (በራሱ ለሚሠራ ሰው የሚሰጥ የግብር ወረቀት) ነው የምትሰጠኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ እንደምትዪው ከሆነ አሠራሩ የተቀጣሪ ነው የሚመስለው። ዋጋና ሰዓት የሚወስንልሽ ሰው ደብሊው ቱ የሚባለውን የተቀጣሪ የግብር ወረቀት ሊሰጥሽና የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብሩን ግማሽ ሊከፍልልሽ ይገባል። አሁን እጥፉን አንቺ ነሽ የምትከፍዪው።

ጥያቄ፦ ቲፕ በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ባላሳውቅ ምን አለበት?

መልስ፦ አሳውቂ። ከ2025 እስከ 2028 ድረስ የፌዴራል ገቢ ግብር ሲሰላ እስከ 25,000 ዶላር ቲፕ መቀነስ ይቻላል፤ የሚቀነሰው ግን የተመዘገበ ቲፕ ብቻ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲው ይከፈልበታል። ቤት ለመግዛት ሞርጌጅ ስትጠይቂ ደግሞ ባንኩ የሚያየው በግብር ወረቀትሽ ላይ ያለውን ገቢ ነው።