ሐረጉ የሚበጠሰው ሴቶቹ ላይ ነው
(የአንባብያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ የምጽፍላችሁ አንባቢ ነኝ። በቤታችን «እኛ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ዘር ነን» ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። በ1942 የተወለዱት እናቴ ግን ሲቆጥሩ አባታቸውን፣ አያታቸውን ይጠሩና ከዚያ በቀጥታ ሣህለ ሥላሴ ላይ ይደርሳሉ። የእኛን ቅርንጫፍ በትክክል ለመጻፍ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ዓመቱን ያስሉ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተወለዱት በ1780ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ እስከ እናትዎ ልደት 155 ዓመት ያህል አለ። እናትዎ የቆጠሩት ሦስት ትውልድ ስለሆነ ለአንዱ ከ50 ዓመት በላይ ሊደርሰው ነው፤ ይህ አይሆንም። በንጉሡ ቤት የታወቀውን ሐረግ ይዩ፦ ሣህለ ሥላሴ፣ ልጃቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ የእርሳቸው ልጅ ራስ መኮንን (የተወለዱት በ1844)፣ ቀጥሎ ተፈሪ (1884)፣ ቀጥሎ አስፋ ወሰን (1908)። አራት ትውልድ በ120 ዓመት፣ ማለትም ለአንዱ 30 ዓመት ያህል። በዚህ ሚዛን በእናትዎና በንጉሡ መካከል አራት ሰው ሊኖር ይገባል፤ እርስዎ ያገኙት ሁለት ነው። የቤትዎ ወሬ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። ሽማግሌ «የእገሌ ልጅ ነው» ሲል የልጅ ልጁንም ማለቱ ሊሆን ስለሚችል ነው ስም የሚዘለለው። ስለዚህ በየስሙ ላይ «የወለደው ነው ወይስ ከዘሩ ነው?» ብለው ይለዩ።

አሁን ደግሞ የጠፉት ሁለት ሰዎች ሴቶች ሊሆኑ እንደሚችሉ ልብ ይበሉ። ወንድ ለወንድ ብቻ የሚቆጥር ሰው ራስ መኮንንን ይዞ አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ጉዲሳ ላይ ሲደርስ ከሣህለ ሥላሴ ይለያል። ከንጉሡ ጋር የሚያገናኙዋቸው እናታቸው ናቸው። ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉም ከራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ የሚወለዱት በእናታቸው በወይዘሮ ትሰሜ ዳርጌ ነው። እንዲህ ያሉ ትልልቅ ሰዎች እንኳ በእናት የሚገናኙ ከሆነ፣ የእርስዎ ቅርንጫፍ በእናት በኩል የገባ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የሴት ስም ደግሞ ቶሎ ይረሳል፤ ልጆቿ በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ ከሁለት ትውልድ በኋላ የሚያነሳት አይገኝም።

ታዲያ የሴቶቹን ስም ማን ያውቃል? መሬት የተሟገተ ሰው። በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋ ርስት የሚወረሰው በአባትም በእናትም ነበር። የተወላጅ ድርሻውን የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባቱ ጀምሮ እያንዳንዱን ወላጅ፣ ሴት ብትሆንም፣ በሽማግሌ ፊት ቆጥሮ ማድረስ ነበረበት። አንዲቷን ከዘለለ መሬቱን ያጣል። ስለዚህ ሽማግሌ ዘንድ ሲሄዱ ስለ ትልቅነት አይጠይቁ፣ ስለ መሬት ይጠይቁ። «ከንጉሥ እንወለዳለን ወይ?» ብለው ቢጠይቁ የሚያገኙት አዎንታ ነው። «ያ ታችኛው ማሳ የማን አባት ድርሻ ነው ይባል ነበር? ማን ከማን ጋር ተካፈለው? እህትየዋስ ድርሻዋን የት አገኘች?» ቢሉ ግን ስም ከነእናቱ ይወጣል። የገጠር መሬት የመንግሥት እንዲሆን የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ነውና፣ ያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዛሬ ሰባውን አልፏል። ሌላው ሥራ ይቆይ፤ ይህ ግን የዚህ ወር ሥራ ነው።

ሲጠይቁ አንድ አንዱን ለብቻው ያነጋግሩ። በአንድ ላይ ከተቀመጡ ታላቁ ተናግሮ ሌላው «ልክ ነው» ይላል፣ ሦስት ምስክር ያገኙ ይመስልዎታል፤ የሰሙት ግን አንድ ነው። ሁለቱ ከአንድ አጎት የሰሙ ከሆነም እንደ አንድ ይቁጠሩት። ደግሞ «ስንት ጊዜ አገባ?» ብለው ሳይጠይቁ አይለፉ። የሰማንያ ጋብቻ ስለሚፈርስ አንድ ሰው ከሦስት ሴት ሊወልድ ይችላል፤ የአባት ልጆችና የእናት ልጆች ተቀላቅለው ከተጻፉ የእናትየው ሐረግ ለማይገባው ሰው ይተላለፋል። የጡት ልጅን፣ የእንጀራ ልጅንና የክርስትና ልጅንም ለዩ፤ ሦስቱም በወግ «ልጄ» ይባላሉ።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሉህ ይያዙ፤ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም፣ ማዕረግ፣ አባት፣ እናት፣ የእናት አገር፣ የተቀበረበት ደብር፣ የነገረዎት ሰውና ቀኑ ይስፈሩበት። ሣህለ ሥላሴ 1 ቢሆኑ ልጆቻቸው 1.1፣ 1.2 እያሉ ይውረዱ። ያላገኙት ስም ቦታው ባዶ ይሁን። ባዶውን በግምት የሞላ ሰው ከዓመት በኋላ ግምቱን ከምስክር ቃል መለየት አይችልም። ከቅድመ አያት በላይ ያሉትን መጠሪያዎች፣ ምንዥላት የመሳሰሉትን፣ ሰው ሁሉ እኩል ስለማይቆጥራቸው በቁጥር ይጻፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። «አያታችን ጉልት ነበራቸው» የሚለው ለዘር ማስረጃ አይሆንም። ጉልት፣ ማለትም ከመሬት ግብር የመቀበል መብት፣ በሹመት ይሰጥ፣ ሰውየው ከተሻረም ይወሰድ ነበር። ዘር የሚያሳየው ርስት ነው። ቤት ውስጥ የቆየ የግብር ደረሰኝ ወይም የሙግት ፍርድ ግልባጭ ካለ ግን እንደ ወርቅ ይጠብቁት፤ በርስት አገር የድሮ ግብር በቀደመው አባት ስም ሊጻፍ ስለሚችል፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ምናልባት የከፋዩ ሳይሆን እርስዎ የሚፈልጉት ቀዳሚ አባት ነው።

ጥያቄ፦ የደብራችን መጻሕፍት ውስጥ የአያቶቻችን ስም ይገኛል ይባላል። ምን ልፈልግ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የታተመውን ሳይሆን የብራናውን ወንጌል ነው የሚፈልጉት። የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ ይጻፍ የነበረው በእርሱ ሕዳግና በመጀመሪያውና በመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ ነው። ጽሑፉ ከመጽሐፉ ፊደል ያነሰ፣ ቀለሙም የተለየ ሆኖ ይታያል፤ ግእዝና አማርኛ ይቀላቀልበታል። ሰጪውን፣ ተቀባዩን፣ የምስክሮቹን ስምና ማዕረግ ይዘረዝርና «በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ» በሚለው ግዝት ይዘጋል። ለዘር ቆጣሪ ከዋናው ጉዳይ ይልቅ ምስክሮቹ ይጠቅማሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘመድና ጎረቤት ናቸው።

ተአምረ ማርያምና ሌሎች የጸሎት መጻሕፍት ላይ ደግሞ በየምዕራፉ መጨረሻ «ለገብርከ» (ለባሪያህ) ወይም «ለአመትከ» (ለሴት ባሪያህ)፣ በተአምረ ማርያም ደግሞ «ገብራ» ወይም «አመታ» ካለ በኋላ ያስጻፈው ሰው ስም በቀይ ይገባል። ቦታው ተፍቆ ብራናው ሻክሮ፣ በላዩ ሌላ ስም ከተጻፈ መጽሐፉ ባለቤት ቀይሯል ማለት ነው። ፋቂው አንዳንዱን ገጽ መርሳቱ አይቀርምና እስከ መጨረሻው ያገላብጡ፤ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ከመሐል ሊገኝ ይችላል። ስሙ የክርስትና ስም መሆኑን ግን አይርሱ። በዓለም ስሙ ብቻ የሚያውቁትን አያት እዚያ አያገኙትም፤ አስቀድመው የክርስትና ስሙን ከቤተሰብ ይጠይቁ።

መጽሐፉ በገበዙ (በንብረት ጠባቂው ካህን) እጅ ስለሆነ በመጀመሪያ አለቃውን አስፈቅዱ፤ የወረዳው ቤተ ክህነት ደብዳቤ ካለዎት ይቀላል። በክብረ በዓል ሰሞን አይሂዱ፤ የሚያገላብጥልዎት ሰው አያገኙም። ቅጠሉን ካህኑ ይግለጡት፣ ፎቶ ሲያነሱ ፍላሽ ይጥፋ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ የሸዋን ብዙ መጻሕፍት አንስቷልና፣ ዛሬ የጠፋ መጽሐፍ ምስሉ ተርፎ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ዘንድ ምስሉ የት እንደሚገኝ በደብሩ ስም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አያቴ «በዘመነ ሉቃስ፣ ከክፉ ቀን በኋላ፣ ከአድዋ በፊት» ተወለዱ ይባላል። ዓመቱ ይታወቃል? (ከአንኮበር)

መልስ፦ ይታወቃል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ያካፍሉ፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ክፉ ቀን የሚባለው ታላቁ ረሃብ ከ1880 እስከ 1884 ነበር፣ የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888። በመካከል 3 የሚተርፈው 1887 ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሆነው የሰገሌን ጦርነት (ጥቅምት 17 ቀን 1909)፣ የኅዳር በሽታን (1911) እና የጠላት ዘመንን (1928–1933) መለያ ያድርጉ። ከፈረንጅ መጽሐፍ የወሰዱትን ዓመት ግን ሳይቀይሩ አይጻፉ። ሣህለ ሥላሴ የሞቱት በእነርሱ 1847፣ በእኛ 1840 ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የጻፈ ሰው አንዱን ንጉሥ ሁለት ጊዜ ይገድላል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ግድም 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይቀንሱ።