መልስ፦ በረንዳ ላይ ለራኩን ምግብ ማስቀመጥ

እህቴ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ማታ ለሚመጣው ራኩን (ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ለሆነው የአሜሪካ አውሬ) ትራፊ እንጀራ ባስቀምጥ ምን ችግር አለው ላልሽው፣ ብዙ ችግር አለው፤ ዛሬውኑ አቁሚ። በምሥራቅ አሜሪካ የእብድ ውሻ በሽታን ከሚያዛምቱ አውሬዎች ዋነኛው ራኩን ነው። ከነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ዓይነ ምድሩ ነው። አንድ ቦታ መርጦ ደጋግሞ ይጸዳዳል፤ በውስጡ ያለው የትል እንቁላል ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ሰው ለመያዝ ይደርሳል፣ አፈር ውስጥም ዓመታት ይቆያል። አፈር የሚቅም ሕፃን ከዋጠው አንጎልና ዓይን ሊጎዳ ይችላል። በረኪና አይገድለውም። ጓንትና ማስክ አድርገሽ ዓይነ ምድሩን አንሺና ቦታው ላይ እየተንተከተከ ያለ የፈላ ውሃ ድፊበት።

ምግቡ ሲቀርበትም ለጥቂት ሌሊቶች ይመላለሳል፤ አትራሪለት። የድመት ምግብ ሳይመሽ ይግባ፣ የቆሻሻ በርሜሉ ክዳንም ይታሰር።