የአይቲ ድጋፍን በውል ለሌላ ድርጅት ስለመስጠት፦ ጥያቄና መልስ

በባሕር ዳር የምትሠሩ የሆቴል፣ የክሊኒክና የንግድ ድርጅት ባለቤቶች ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የድርጅታችሁን የኮምፒውተር ብዛትና የሥራ ሁኔታ ሳትገልጹ አትጠይቁ።

ጥያቄ (የሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ ጣና ዳር)፦ ባለ 35 ክፍል ሆቴል ነው፤ 12 ኮምፒውተሮችና አንድ ሰርቨር አሉን። ባለሙያ እንቅጠር ወይስ በወር ክፍያ እንዋዋል?

መልስ፦ ለእናንተ ውሉ ይሻላል፤ አንድ ሠራተኛ ሲታመም ወይም የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ የሚተካው የለምና። ነገር ግን ሥራውን ስጡ እንጂ ቁልፉን አትስጡ። የሰርቨሩ፣ የራውተሩና የኢሜይሉ ዋና የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ በካዝናችሁ ይቀመጥ፤ ዶሜይኑም (የኢሜይላችሁና የድረ ገጻችሁ አድራሻ) በሆቴሉ ስም ይመዝገብ። እዚሁ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ከድጋፍ ሰጪው ጋር በክፍያ ሲጣላ፣ ዶሜይኑ በቴክኒሻኑ የግል ስም ተመዝግቦ ስለነበር፣ እንግዶች ቦታ የሚያስይዙበትን ኢሜይል በጥምቀት ሰሞን አጥቶ ነበር። ለማስታረቅ ተጠርቼ ስለነበር የባለቤቱን ጭንቀት ዛሬም አልረሳውም።

ጥያቄ (የንግድ ድርጅት ባለቤት)፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ የኮምፒውተሩን ብዛት ሳላውቅ ዋጋ አልናገርም።

ጥያቄ (የክሊኒክ ባለቤት)፦ ውሉ «99 በመቶ አገልግሎት» ይላል። ይበቃል?

መልስ፦ አስሉት። የ30 ቀን ወር 720 ሰዓት ነው፤ አንድ በመቶው 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ስለሚሆን፣ የታካሚ ካርድ ሳይከፈት የአንድ የሥራ ቀን አብዛኛው ቢያልፍ እንኳ ውሉ አልተጣሰም ማለት ነው። «በ30 ደቂቃ ምላሽ እንሰጣለን» የሚለውም ስልክ ማንሳትን ብቻ ሊያመለክት ስለሚችል፣ ችግሩ የሚፈታበት ጊዜ ለብቻው ይጻፍ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ይመድባል፤ ሥራውን ለሌላ ስለሰጣችሁ ኃላፊነቱ ከእናንተ አይወርድም።

ጥያቄ (አከፋፋይ፣ ዓባይ ማዶ)፦ በፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌር) የያዝነውን ሂሳብ በየቀኑ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ያደርጉልናል። አሁንም ያሰጋናል?

መልስ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ከባክአፑ መልሳችሁ የከፈታችሁት መቼ ነው? ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ ይሁን፤ ቢያንስ አንዱ ደግሞ ድጋፍ ሰጪው ከርቀት ሊደርስበት የማይችል ሃርድ ዲስክ ላይ ይኑር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 አጥቂዎች ድጋፍ ሰጪዎች የደንበኞቻቸውን ኮምፒውተር የሚቆጣጠሩበትን የካሴያ ሶፍትዌር ሰብረው እስከ 1,500 በሚደርሱ ድርጅቶች ላይ ፋይል ቆልፈዋል፤ በስዊድን የኩፕ መደብሮች የገንዘብ መቀበያዎቻቸው ስለቆሙ በመቶዎች የሚቆጠሩት ተዘግተዋል። እነዚያ ድርጅቶች አጥቂውን በራቸው ላይ አላዩትም፤ የመጣባቸው ባመኑት ድጋፍ ሰጪ መንገድ ነው። ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፤ ቁልፉ በእጃችሁ ይሁን።

አስተያየት (አንድ አባል)፦ መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት በሚደረስበት የሌላ ድርጅት ማከማቻ) ማስቀመጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

አስተያየት (ሌላ አባል)፦ አልስማማም። እሳት ወይም ሌባ ቢገባ ቢሮ ውስጥ ያለው ዲስክ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ካለ ደግሞ ቅጂው ሌሊት ይላካል።

አስተያየት (የመጀመሪያው አባል)፦ የእኛ ዩፒኤስ 20 ደቂቃ እንኳ አይቆይም፤ ጀነሬተሩም ነዳጅ ይፈልጋል።

መልስ፦ የጀነሬተሩ ክርክር ይቁም። የቢሮውም የክላውዱም ቅጂ ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ሌላ ነጋዴ)፦ ወርሃዊ ክፍያው ስንት ይሆናል? ጥሩ ድርጅትስ ይጠቁሙን።

መልስ፦ የዋጋው ጥያቄ ከላይ ተመልሷል፤ እባካችሁ አንብቡ። የድርጅት ስም አልጠቁምም።

ጥያቄ (የክሊኒክ ባለቤት)፦ ውሉን ማቋረጥ ብንፈልግስ?

መልስ፦ ይህን ከመፈረማችሁ በፊት መጠየቃችሁ መልካም ነው። የርክክብ ጊዜው፣ ለምሳሌ 30 ቀን፣ የሚሰጡት ሰነድና የኔትወርኩ ንድፍ በውሉ ይጻፍ፤ በመጨረሻው ቀን ኤኒዴስክን የመሳሰሉ የርቀት መግቢያዎች በፊታችሁ ይነሡ፤ ይለፍ ቃሎቹም ሁሉ እናንተ ባላችሁበት ይቀየሩ።