ኮምቢ ቦይለሩ ይቅርብሽ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ቤታችን አራት ኪሎ ጀርባ ነው። ሁለት ክፍልና አንድ ሻወር ቤት አለው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴና አንድ ልጅ ነን። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ከሮቶ ነው የምንጠቀመው። እንግሊዝ አገር ያለው ወንድሜ በጋዝ የሚሠራ ኮምቢ ቦይለር ልላክልሽ ይለኛል። ቦታ አይዝም፣ ሙቅ ውሃውም አያልቅም ብሎኛል። ለትንሽ ቤት ስንት ኪሎዋት ይበቃል?»

እህቴ፣ ስለ ኪሎዋቱ ከማውራታችን በፊት ወንድምሽ ጋ ደውለሽ «ቆይ» በይው። እሱ ባለበት አገር ዕቃው ጥሩ ነው። እዚያ ጋዝ በቧንቧ ቤት ድረስ ይመጣል። ያው አንድ ዕቃ በብርዱ ወራት ቤቱን በራዲያተር፣ ሙቅ ውሃ በሚዞርበት የግድግዳ ብረት፣ ያሞቃል፣ ለሻወርም ሙቅ ውሃ ያወጣል። አዲስ አበባ ላይ ግን ራዲያተር ማን ይፈልጋል? የኅዳርን ብርድ በጋቢ እናልፈዋለን። ስለዚህ ግማሹን ሥራውን ሳይሠራ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ማለት ነው።

ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ዋናው ጣጣ ሮቶው ነው። ኮምቢ ውሃ የሚያጠራቅምበት ጋን የለውም። ቧንቧ ስትከፍቺ ውሃው በውስጡ ሲያልፍ አይቶ ነው እሳቱን የሚያነሳው። ለዚህ ደግሞ ግፊት ያስፈልገዋል፤ በደንብ እንዲሠራ አንድ ባር ገደማ ቢያገኝ ጥሩ ነው። አንድ ባር ማለት ውሃው ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚኖረው ግፊት ነው። የአንቺ ሮቶ ከሻወሩ ራስ ሁለት ሜትር ከፍ ቢል ነው፤ 0.2 ባር መሆኑ ነው። እሳቱ ወይ አይነሳም፣ ወይ እየተነሳ ይጠፋል። ፓምፕ ልግጠም ብትዪ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። ኮምቢውም ራሱ ያለ መብራት አይሠራም፤ ውስጡ ማራገቢያና ቦርድ አለው። መብራት ሲሄድ ሲሊንደርሽ ጋዝ ሞልቶ እያለ በቀዝቃዛ ውሃ ትታጠቢያለሽ።

ወደ ጋዙ ስንመጣ፣ ወንድምሽ አገር የተለመደው ትንሹ ኮምቢ 24 ኪሎዋት ነው። በሙሉ ኃይሉ ሲነድ በሰዓት ሁለት ኪሎ ገደማ ጋዝ ይበላል። 12.5 ኪሎ ጋዝ የያዘ ሲሊንደር ስድስት ሰዓት ነድዶ አለቀ ማለት ነው። አንድ ሲሊንደር ያን ያህል ጋዝ ባንዴ ሲጠባ ደግሞ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ እሳቱም ይደክማል። በዚያ ላይ ለእንግሊዝ የቧንቧ ጋዝ የተሠራ ዕቃ ለሲሊንደር ጋዝ እንዲሆን የጋዝ ማስገቢያውና ልኬቱ መቀየር አለበት። «እኔ አስተካክለዋለሁ» የሚል ሰው ታገኛለሽ። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ምክንያቱም ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ያልተስተካከለ የጋዝ እሳት በቂ አየር ካላገኘ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ዘግተው ባደሩበት ክፍል ውስጥ በከሰል ሰው የሚሞትበት ጋዝ ማለት ነው። ሽታ የለውም። ትንንሾቹን የጋዝ ሻወር ሂተሮችም ቢሆን ሻወር ቤት ውስጥ የሚሰቅል ሰው ካየሽ ከልክይ። ቦታቸው ውጭ ነው።

ታዲያ ምን ትግዢ? ተራውን የኤሌክትሪክ ቦይለር፣ 50 ሊትር፣ 1.5 ኪሎዋት። ውሃው 17 ዲግሪ ሆኖ ቢገባ 60 ዲግሪ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፣ ሁለት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ያህል መብራት ይቆጥራል። ያን ትኩስ ውሃ ለገላ በሚስማማ ልክ ስትቀላቅዪው 90 ሊትር ገደማ ይወጣዋል። ሻወሩ ላይ ቆመው የሚዘፍኑ ከሌሉ ለአራት ሰው ይበቃል። ማታ ሞቆ መብራት ቢሄድ እንኳ ጠዋት ለብ ያለ ውሃ አታጪም። 30 ሊትሩ ለሁለት ሰው ነው። 80ው ለእናንተ ትርፍ ነው፤ እስኪሞቅም ያስጠብቃል።

ርካሹን ሻወር ሂተር፣ ባንዴ የሚያሞቀውን፣ ያላነሳሁት ረስቼው አይደለም። አምስት ኪሎዋት ተኩሉ 25 አምፔር ይስባል፤ ቦይለሩ ሰባት ብቻ። ምጣድ ተጥዶ ሻወር ከተከፈተ ቆጣሪው ጋ ያለው ብሬከር ይወርዳል። የድሮ ቤት ገመድ ደግሞ ብሬከሩ ሳይወርድ በፊት ሊግል ይችላል።

ገጠማው ላይ አትቆጥቢ። ቦይለሩ ከቆጣሪው ለብቻው የመጣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድና 16 አምፔር ብሬከር ይኑረው። ኧርዝ፣ ያፈተለከ መብራት ወደ መሬት የሚወስደው ገመድ፣ የግድ ነው፤ የድሮ ቤቶች ላይ ብዙ ጊዜ የለም፣ ስለዚህ ሠራተኛው «አለ» ቢልሽም በመለኪያ ያሳይሽ። ግድግዳሽ ጭቃ ከሆነ ቦይለሩን አይሸከምም። ውሃ ሲሞላ ከ60 ኪሎ በላይ ነው። ከወለል የሚነሳ የአንግል ብረት መቆሚያ አሠሪለት። ሰፈሩ በልማት ቢነሳም ሁለቱንም ፈታሽ ትወስጃለሽ።

ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል የሚገጠመውን ሴፍቲ ቫልቭ፣ ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚያስወጣውን፣ ማንም እንዲያነሳው አትፍቀጂ። ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ከሱ ጠብ ጠብ ማለቱ ጤና ነው። «ያንጠባጥባል» ብሎ በቡሽ የሚደፍን ሰው ግን ውሃው በበቂ ሲሞቅ መብራቱን የሚያቋርጠው ቴርሞስታት የተበላሸ ዕለት ቦይለሩን ቦንብ ያደርገዋል። አንዳንዱ ቫልቭ ደግሞ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ጠንካራ ስለሆነ የሮቶ ግፊት አይከፍተውም። ሙቅ ውሃው ቀጥኖ ከመጣ መጀመሪያ እዚያ ተመልከቺ። መፍትሔው ልስልስ ባለው መቀየር ወይም ሮቶውን ከፍ ማድረግ ነው። ሲጀመር ደግሞ ሙቅ ቧንቧውን ከፍታችሁ ውሃ በደንብ እስኪወርድ ጠብቁ፤ ማብሪያው ከዚያ በኋላ ነው። ባዶውን ካበራችሁት ማሞቂያው ይቃጠላል።

ወንድምሽ የግድ አንድ ነገር ልላክ ካለ 30 ሚሊአምፔር የኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር፣ መብራት ሲያፈተልክ ሰው ሳይጎዳ ቶሎ የሚያቋርጠውን፣ ይላክልሽ፣ ከማግኒዚየም ዘንግ ጋር። ዘንጉ ጋኑ እንዳይዝግ በጋኑ ፈንታ የሚበላ ነው፤ በየዓመቱ ማስፈተሽ፣ ካለቀ መቀየር ነው። ርዝመቱና ጥርሱ ከቦይለር ቦይለር ስለሚለያይ ግን መጀመሪያ ቦይለሩን ግዢ፣ ከዚያ ሞዴሉን ፎቶ አንስተሽ ላኪለት።