ለጅቡቲ ዳርቻ ምን ዓይነት የአሳ ማጥመጃ ዘንግ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? አዳማ ነው የምኖረው። ተሳቢ ነው የምነዳው፤ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ጭነት እስኪደርሰን አንዳንዴ ቀናት እንቆማለን። ባህር ዳር ቆመው ሰው ሰራሽ አሳ እየወረወሩ ትልልቅ አሳ የሚያወጡ ሰዎች አየሁና ልቤ ሸፈተ። ዱባይ ያለችው እህቴ ለፋሲካ ስትመጣ ዘንግና ሪል (የክር መጠቅለያውን) ላምጣልህ ብላኛለች። ጓደኞቼ «ከባዱን አስመጣ» ይሉኛል። ስንት ሜትር ይሁን? ሪሉስ? ያንኑ ይዤ ቆቃም ብወርድስ?
ሹፌሩ አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለእህትህ «ከባድ» ብለህ ብቻ እንዳትልክባት። ሻጩ ከባድ ሲባል ለጀልባ የተሠራ አጭር ወፍራም ዘንግ ሊያወጣላት ይችላል። ወይ ደግሞ አራት ሜትር የሚሆነውን፣ እርሳስና ሥጋ አስረው ወርውረው አሸዋ ላይ ተክለው የሚቀመጡበትን። ሁለቱም ከባድ ናቸው። ሁለቱም ግን ለአንተ አይሆኑም። አንተ የምትፈልገው ቆመህ ስትወረውር ስትጠቀልል የምትውልበትን ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ግራሙ ነው። ከመያዣው ከፍ ብሎ ዘንጉ ላይ ተጽፏል፤ 10–30 ግራም፣ 30–80 ግራም፣ 40–100 ግራም እየተባለ። ብዙ ሰው ይህ ቁጥር ስለ አሳው የሚናገር ይመስለዋል። አይደለም። የምትወረውረው የሉሩ፣ ማለትም የሰው ሰራሹ አሳ፣ ክብደት ነው። ሉሩ ለዘንጉ ልኩ ሲሆን፣ ዘንጉ ወደ ኋላ ይታጠፍና ሲመለስ ሉሩን አስፈንጥሮ ይሰደዋል። ሉሩ ከቀለለ ዘንጉ አይታጠፍም፤ ሥራው ሁሉ በክንድህ ላይ ይወድቃል፣ ርቀትም የለም። በጣም ከከበደ ደግሞ ሲወረወር ሊሰበር ይችላል።

ከጅቡቲ ዳርቻ ለሚወረወሩት፣ ማለትም ከብረት ለተሠራው ሜታል ጂግ፣ ፖፐርና ስቲክቤት ለሚባሉት ሉሮችም፣ ከ30 እስከ 60 ግራም ይበቃሃል። ስለዚህ 30–80 ግራም የተጻፈበትን ዘንግ ውሰድ። ላዩ ላይ 80 ቢልም እኔ እስከ 60 ድረስ ብቻ ነው የምጭንበት። መኪናህ ላይ ሙሉ ጭነት ጭነህ ስንት ዓመት እንደነዳህ አላውቅም፤ ዘንግ ላይ ግን አይመከርም።

ርዝመቱ 2.9 ሜትር ገደማ ይሁን። 2.7 ያለውም ክፉ አይደለም፣ በተለይ ቁመትህ አጠር ካለ። ከ3 ሜትር በላይ የሆነው ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ሲወረውሩ ይጠቅማል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ትከሻህ ይነግርሃል። ሁለት እኩል ቦታ የሚከፈለውን ምረጥ። 2.9 ሜትሩ ሲነቀል አንድ ሜትር ከ45 ይሆናል፤ ጋቢና ውስጥ ከአልጋው ኋላ ተጋድሞ ይሄዳል። እንደ አንቴና እርስ በርሱ የሚገባውን ተጣጣፊ ግን ተወው። ቆሮሶ በትል ለማጥመድ ይሆናል። 60 ግራም ብረት ቀኑን ሙሉ ሲወረወርበት መገጣጠሚያዎቹ ይላላሉ፣ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶችም ይዞራሉ።

ቀለበቶቹን ካነሳን፣ ብሬድ (የተጎነጎነ) ክር ለስላሳ ብረትን እየፋቀ ጎድጓዳ መስመር ያወጣበታል። ስለዚህ ውስጣቸው የሴራሚክ ሽፋን ያላቸው ይሁኑ። እህትህ ሱቅ ውስጥ ትንሽ ጥጥ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ታሳልፍ። ጥጡ ከያዘ ስንጥቅ አለ ማለት ነው፤ ሌላ ትጠይቅ።

አሁን ወደ ሪሉ። ገንዘብ የምታወጣው እዚህ ላይ ነው። መካከለኛ ዘንግ ከጥሩ ሪል ጋር ያሠራል። ውድ ዘንግ ከደካማ ሪል ጋር ግን በመጀመሪያው ትልቅ አሳ ጉዱ ይወጣል። እኔ አሰብ ነው ያደግኩት። ልጅ ሳለን ናይለን ቆርቆሮ ላይ ጠቅልለን በእጃችን ነበር የምንወረውረው፤ አሳም ይዘናል። ስለዚህ ያለ ውድ ዕቃ አይሆንም የሚለውን ወሬ አልሰማም። ግን ሪል ከተገዛ አይቀር የጨው ውሃ የሚችል፣ ውሃ እንዳያስገባ የታሸገ ይሁን።

የሪል ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የሺማኖ 8000 እና የፔን 6500 ተቀራራቢ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትመን፤ ስንት ክር ይይዛል ብለህ ጠይቅ። ባለ 50 ፓውንድ ብሬድ ቢያንስ 250 ሜትር መያዝ አለበት። የዚህ መጠን ሪል ብቻውን ከ600 እስከ 700 ግራም ይመዝናል። አንድ ዙር ሲጠቀለል አንድ ሜትር አካባቢ ክር የሚሰበስብ ከሆነ ደህና ነው። ጂግ ፈጠን ተብሎ ስለሚሳብ ዘገምተኛ ሪል ያሰለቻል። 14000 እና 18000 የሚባሉትን ጎማ የሚያካክሉ ሪሎች አትመልከት። እነሱ ለሌላ ዓይነት ዘንግና ለሌላ ዓይነት ወገብ ናቸው።

ክሩ ብሬድ ነው፤ ከ40 እስከ 50 ፓውንድ። 50 ፓውንድ 22 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ ጥንካሬ ብሬዱ ውፍረቱ 0.33 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን ናይለኑ 0.7 ገደማ ይሆናል። ቀጭን ክር ርቆ ይሄዳል፣ ሪሉም ብዙ ይይዛል። ብሬድ ባዶ ሪል ላይ በቀጥታ ሲጠቀለል ግን ይንሸራተታል፤ አሳው ሲጎትት ጥቅልሉ በሙሉ ይዞራል። ከሥር ጥቂት ዙር ናይለን አድርግበት። ጣትህንም ጠብቅ። ሲወረወር ክሩ የሚለቀቀው ከጠቋሚ ጣት ላይ ነው፤ ያለ ጓንት ሥጋ ይቆርጣል።

ከብሬዱ ጫፍ ላይ ከ60 እስከ 80 ፓውንድ የሆነ ናይለን፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቀጥልበት። ብሬድ ኮራል (ሻካራውን የባህር ቋጥኝ) ሲነካ ወዲያው ይበጠሳል፤ ናይለኑ መፋቅን ትንሽ ይችላል። መቋጠሪያው ኤፍጂ የሚባለው ቢሆን ጥሩ ነው። ቀጭን ስለሆነ ቀለበት ውስጥ ሲያልፍ አይንቋቋም። መኪናው ቆሞ ወረፋ ስትጠብቅ ተለማመደው፤ ማታ በባትሪ መብራት ድንጋይ ላይ ቆሞ መማር አይቻልም። ባራኩዳ የበዛበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ከሉሩ በፊት አንድ ስንዝር የብረት ሽቦ ጨምር። ጥርሱ ናይለኑን እንደ ምላጭ ነው የሚቆርጠው።

ድራጉን፣ ሪሉ ክር የሚለቅበትን ማጥበቂያ፣ ሰዎች እስከ መጨረሻው አጥብቀው ይዘጉታል። ትልቅ አሳ ያወጣል ብለው። ድራግ ፍሬን ነው። ቁልቁለት ላይ ጎማው እስኪቆለፍ አትረግጥም አይደል? በ50 ፓውንድ ክር ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሲሳብ መልቀቅ አለበት፤ ከክሩ አቅም ሲሶውን አይለፍ። ባለ መንጠቆ የእጅ ሚዛን ክሩ ጫፍ ላይ አስረህ ዘንጉን አጠፍ አድርገህ ጓደኛህ ይሳብ። ሰባት ኪሎ በወሬ ትንሽ ይመስላል። ዘንግ ይዘህ ስትቆም ግን ጉልበትህን ታውቀዋለህ።

ምን ትይዝበታለህ? ባራኩዳ፣ መለስተኛ ካራንግ፣ ከቀናህ ኪንግፊሽ። የካራንግ ትልቁ ዝርያ ከ50 ኪሎ በላይ ያድጋል። እሱ ከመጣ ክርህን ይዞ ወደ ኮራሉ ይገባል፤ በዚህ ዕቃ አታቆመውም። ይሁን። ለዚያ ብለህ ዛሬውኑ ድርብ ክብደት አትሸከም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ወደብ ውስጥና አጥሩ አካባቢ እንዳትሞክረው፤ ከሥራህ ያጣላሃል። የአገሩን ሰው ጠይቀህ የተፈቀደ ዳርቻ ሂድ። ጫማህም ሶሉ ወፍራም ይሁን። እዚያ ድንጋይ የሚመስል መርዛማ አሳ አለ፤ በሸበጥ አይረገጥም። ሰዓቱን ደግሞ ባህሩ ይወስናል። ውሃው ሲሞላ ወይም ሲጎድል፣ እየተንቀሳቀሰ ሳለ ወርውር። ቀጥ ብሎ ሲቆም ሻይህን ጠጣ።

ቆቃን በተመለከተ አጭር መልስ፦ አይሆንም። እዚያ ያለው ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫና ካርፕ ነው። ቆሮሶ በአብዛኛው አረንጓዴ የውሃ ዕፅ የሚበላ ስለሆነ ሉር ብዙም አያባርርም። ቢልጫ ትንሽ ስፒነር (እየዞረ የሚያብለጨልጭ ሉር) ይመታል፤ አምባዛም አንዳንዴ። የ10 ግራም ስፒነር በ80 ግራም ዘንግ ብትወረውር እግርህ ሥር ይወድቃል። ለቆቃ 2.1 ወይም 2.4 ሜትር፣ 7–28 ግራም፣ ባለ 3000 ሪል። ርካሽ ይበቃል። ውሃ ውስጥ ገብተህ ግን አትቁም፤ ጉማሬም አዞም አለበት።

ለእህትህ ይህን ገልብጠህ ላክላት፦ «ከዳርቻ ሉር መወርወሪያ፣ 2.9 ሜትር፣ ሁለት ቦታ የሚከፈል፣ 30–80 ግራም። ሪል የሺማኖ 8000 ወይም የፔን 6500 መጠን፣ ለጨው ውሃ የሚሆን። ብሬድ 50 ፓውንድ 300 ሜትር። ናይለን 70 ፓውንድ አንድ ጥቅል። ሜታል ጂግ 40 እና 60 ግራም።» ዘንጉን በጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ አድርጋ ታምጣው። ሻንጣ ላይ በማሸጊያ ብቻ ታስሮ የመጣ ዘንግ ጫፉ አይተርፍም።

ጥያቄ፦ ባለ 3000 ሪል በብሬድ ክር እጠቀማለሁ። ነፋስ ሲነሳ ክሩ ተወሳስቦ ይቋጠራል። ግማሹን ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ክሩ ፎርጅድ ይሆን?
አንባቢያችሁ፣ ከወንጂ

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ ሪሉን እየው። ክሩ እስከ አፉ ከሞላ በርከት ብሎ በአንዴ ይወጣል፣ ይቋጠራል። ከጠርዙ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ጎደል አድርገው። ሉሩ ውሃ ሲነካ የሽቦ ቀስቱን በእጅህ ዝጋ፤ እጀታውን በማዞር አትዝጋው። ከዘጋህ በኋላ ክሩን በጣትህ ሳብ አድርገህ ወጥር፤ ከዚያ ጠቅልል። ቋጠሮው የሚፈጠረው ልል ሆኖ በተጠቀለለው ዙር ነው። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ደግሞ ሉሩን ሰማይ አታሳየው፤ ዝቅ አድርገህ ወርውር።

ጥያቄ፦ የባህር ውሃ የነካው ሪል እንዴት ይታጠባል? የወንድሜ በጥቂት ወራት ዛገ።
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ በዚያው ቀን ነው መታጠብ ያለበት። የሃይላንድ ክዳን በሚስማር ትበሺና በንጹህ ውሃ ሞልተሽ ቀስ አድርገሽ ከላይ ታፈሺበታለሽ። ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ከመታጠቡ በፊት ድራጉን አጥብቂው። ሲያልቅ አላልተሽ ጥላ ሥር ይድረቅ። ክሩ የሚያልፍበት ትንሽ ተሽከርካሪና እጀታው ላይ አንድ ጠብታ የሪል ዘይት ይበቃል። ባልዲ ውስጥ አትንከሪው። ወንድምሽ ደግሞ ከመኪናው ጋር ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውሃ እንዳያስመታው፤ ጨውን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው።