መልስ፦ የስቱዲዮ ፎቶ በፊልም ወይስ በሆሎግራም ይቀመጥ?

ሰላም ወንድሜ፣ ፒያሳ ያለው ስቱዲዮህ ውስጥ ሃርድ ዲስክ እየከዳህ ስለሆነ «ፊልም ወይስ ሆሎግራም ይሻለኛል?» ላልከው።

ፊልሙ ቀልድ አይደለም። ፒክል የተባለ የኖርዌይ ኩባንያ ፋይሉን ኪውአር ኮድ ወደሚመስሉ ጥቃቅን ነጥቦች ቀይሮ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ያትመዋል። ለማንበብ ብርሃን፣ ካሜራና ኮምፒውተር ይበቃል፤ አነባበቡም እዚያው ፊልሙ ላይ በጽሑፍ ይሰፍራል። ጊትሀብ (ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) በ2020 እ.ኤ.አ. 21 ቴራባይት ኮድ በ186 ጥቅል ፊልም አድርጎ ስቫልባርድ በተባለው የኖርዌይ የአርክቲክ ደሴት፣ አሮጌ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ውስጥ ያስቀመጠው በዚህ ነው። እኛም አገር እኮ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ በማይክሮፊልም የተነሱ የብራና መጻሕፍት ዛሬም ይነበባሉ።

ሆሎግራም፣ ማለትም ፋይልን በሌዘር ብርሃን በሚቀረጽበት ቁስ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሌላ ጉድ ነው። ሌዘሩ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ጨረር ሙሉ የነጥብ ገጽ ተሸክሞ፣ ሌላው ባዶውን ይመጣል። ሲገናኙ የሚፈጥሩት ንድፍ በቁሱ ውፍረት ውስጥ ይቀረጻል። የባዶውን ጨረር ማዕዘን ትንሽ ካዞርክ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ገጽ ትደርባለህ። ውበቱ ይኸው ነው፤ ጣጣውም ይኸው፦ ቁሱ ሲቀረጽበት ጥቂት እንኳ ከተኮማተረ ማዕዘኑ ይስታል፣ ገጹ ይደበዝዛል። ኢንፌዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 300 ጊጋባይት ዲስክ አመጣለሁ ሲል ከርሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራ አቆመ።

ላንተ ሁለቱም አይሆኑም። ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዝተህ አንዱን ቤትህ አስቀምጥ፣ በየዓመቱ ሰክተህ ፋይሎቹ መከፈታቸውን እይ። የድሮ ኔጋቲቭ ካለህ ደግሞ ስካን አድርጌዋለሁ ብለህ እንዳትጥለው!