«ፍሪዝ አደረገብኝ» ወይስ «ፍሪዝ አለብኝ»?

ጥያቄ፦ «ስልኬ ፍሪዝ አደረገብኝ» ብዬ ስጽፍ ጓደኛዬ «ፍሪዝ አለብኝ በል» ይለኛል። የቱ ነው ልክ? ወይስ አማርኛውን ልጠቀም?

መልስ፦ የእርስዎ ይሻላል። ጓደኛዎ ግን ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። በራሳችን ቃላት ነገሩ በራሱ ሲሆን «አለ»፣ ሌላው ሲያደርገው «አደረገ» እንላለን፦ ምሰሶው ዘንበል አለ፤ ጣሳውን ዘንበል አደረገው። ከእንግሊዝኛ የመጡት ግሶች ይህን ክፍፍል አልለመዱም። «ሼር» እና «ሴቭ» ብቻ ሳይሆኑ በራሳቸው የሚሆኑት «ስታክ» እና «ክራሽ» እንኳ «አደረገ»ን ይዘው ነው የሚነገሩት።

በጽሑፍ ሌላም ችግር አለ። «ፍሪዝ አለብኝ» ሲነበብ እንደ «ዕዳ አለብኝ» ነው። በንግግር «ለ» መጥበቁና መላላቱ ይለየዋል፤ ፊደላችን ግን ጥብቀትን አያሳይም።

«ተደረገ» ሲሆን ይጠንቀቁ። «ፋይሉ ሴቭ ተደረገ» ያስኬዳል፤ «ስልኩ ፍሪዝ ተደረገ» ካሉ ግን ሆን ብሎ ያስቆመው ሰው ያለ ይመስላል። ለባንክ ሂሳብ የሚባለው በዚሁ ስሜት ነው፤ እዚያ ላይ «ታገደ» እያለ «ፍሪዝ»ን በደብዳቤ ላይ መጻፍ ስንፍና ነው።

ለስልኩም ቢሆን አማርኛው እንዲያውም ይበልጥ ይለያል። ለአፍታ ቆሞ ከቀጠለ «ቆም አለ»፣ ይህ ከተደጋገመ «ቆም ቆም ይላል»፣ ጨርሶ ከቆመ «ድርቅ አለ» ነው። ቅርጹ ራሱ መጠኑን ይናገራል፦ «ሰበር አለ» ጥቂት ነው፣ «ስብር አለ» ድንገተኛና ሙሉ ነው፤ «ደረቅ አለ» እና «ድርቅ አለ»ም እንዲሁ። «ፍሪዝ» ይህን ሁሉ በአንድ ይጠቀልለዋል። «ድርቅ አለ» ግን ብቻውን ሲጻፍ ዝናብ የጠፋ ሊያስመስል ስለሚችል «ድርቅ ብሎ ቀረ» ይበሉ።

«ፍሪዝ»ን ከመረጡ ቃሉ አይነካም፤ የሚረባው «አደረገ» ብቻ ነው፦ ፍሪዝ ሲያደርግ፣ ፍሪዝ አላደረገም፣ ፍሪዝ ያደረገው ስልክ። ሁለቱን ቃላት አያጣብቋቸው። ለጓደኛ መልእክት ይህ ይበቃል። ለጥገና ባለሙያ ሲጽፉ ግን የሆነውን ይዘርዝሩ፦ «ስክሪኑ እንደበራ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ቢነኩት አይሠራም፤ ካላጠፉት አይመለስም።»